ሞራ የሌለበት ጧፍ

አማቼ ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ከስኳሩና ከሳሙናው ጋር በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አመጣልኝ። ፈታሁት። ሻማ ነው፤ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። የአንድ እናት ልጆች እንኳ እንዲህ አይመሳሰሉም።

«አባባ፣ ዘንድሮ በዚህ ይገላገሉ» አለኝ። «ኅዳር በመጣ ቁጥር ሰም ፍለጋ ገበያ ለገበያ ከሚንከራተቱ፣ ይኸው ፋብሪካው ሠርቶ ጨርሶታል። እኔ በግ ልገዛ ወደ አንኮበር ስሻገር ይዤልዎ እሄዳለሁ።»

አንዱን አንሥቼ አሸተትሁት። ምንም አልሸተተኝም። ገልብጬ በግርጌው በኩል አሸተትሁት። አሁንም ምንም። ውኃ እንኳ ሽታ አለው።

«እስቲ ልየው» አልሁና ከመከዳዬ ሥር ሸጎጥሁት።

አማቼ ደግ ሰው ነው። በየዓመቱ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ አንዲት ጧፍ የምልከው የስለት ይመስለዋል፤ የስለት አለመሆኑን ነግሬው አላውቅም። እሱ ነጋዴ ነው፣ የሱቅን ነገር ያውቃል። በወጣትነቴ ከፍቼ እስከ ዛሬ ያልዘጋሁት ሱቅ አለኝ ብዬ ብነግረው፣ ሱቁ የታለ ብሎ ዙሪያውን ያያል።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር፤ አልበረከትሁም። መምህሬ አንድ ቀን በጓደኞቼ ፊት «ያንተ ቅኔ ይሮጣል እንጂ አይሰግድም» ቢሉኝ እኔም ሮጥሁ። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በመንገድ ላይ ነው፤ ከአዝማሪው፣ ከአልቃሿ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ከዛፍ ሥር ቆመው በግጥም ከሚሟገቱ ባለጉዳዮች። አንድ አገር ከሁለት ገበያ በላይ መሰንበት አልችልም ነበር። እግሬን ይበላኝ ነበር።

አንኮበር የሄድሁት ግጥሜን ሰምቶ የሚያበላኝ ጌታ ፍለጋ ነው። አንኮበር በዚያን ዘመን የንጉሥ መቀመጫ ነበረች። ግቢው ከተራራው አናት ላይ አጥር በአጥር ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ያሉት የሣር ቤቶች ገደሉን በጥፍራቸው ቧጥጠው የያዙ ይመስላሉ። ከሰዓት በኋላ ከቆላው ጉም ይነሣና መጀመሪያ ጥዱን፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ በመጨረሻ ሰውን ይውጣል። በዚያ ጉም ውስጥ ከሚሞገሰው ይልቅ አሞጋሹ ይበዛ ነበር። እኔ አንዱን ባላባት ከነበቅሎው አሞግሼ ያገኘሁት የተሸረፈ አሞሌ ጨው ነው፤ ያውም የበቅሎዋ ግጥም ከጌታዋ ግጥም ይሻል ነበር።

የራበው ሰው ሙቀት ይወዳል። ከንጉሡ ጠጅ ቤት ጓሮ፣ ጋን ከሚታጠብበት ቦይ አጠገብ፣ ሞቅ ያለ እንፋሎት ይወጣ ነበርና እዚያ ተቀምጬ መዋል ጀመርሁ። የማርና የጌሾ ሽታ ነው፤ ሆድ አይሞላም፣ ግን ያታልላል። አንድ ቀን ነጠላዋን ጥቁር የነከረች ቀጭን ሴት ቅርጫት ይዛ ወጣችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንተ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አሸታለሁ።»

«ማሩ የጌቶች ነው።»

«ሽታውንም ይከለክላሉ?»

«ገና አላሰቡበትም» አለችና ቅርጫቱን አስታቀፈችኝ። «አፍ ካለህ ትከሻም አይጠፋህም። ተሸከም።»

እትዬ በላይነሽ ይህች ናት። ከጠጅ ጣዮቹ አንዷ ነበረች፤ እጇ በጌሾ ተሰነጣጥቆ ጥፍሯ ቢጫ ሆኗል። ባለፈው ክረምት ፈንጣጣ አስካለ የምትባል አንድ ለእናቷ የሆነች ትንሽ ልጅ ወስዶባት፣ ከጠጅ ቤቱ ቁልቁል በሚታየው ደብር፣ ከአንዲት ወይራ ሥር ቀብራታለች። ይህን የነገረችኝ በዚያው ቀን፣ አቀበቱን እየወጣን፣ የገብስ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው። ባል ነበራት ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ዘመቻ ሄዶ ቀረ» አለች።

«ሞተ?»

«እኔ እንጃ። የቀረ ሁሉ አይሞትም።»

በቅርጫቱ ውስጥ የነበረው ሰፈፍ ነው፤ ማር ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው የሰም ግርድ። ለጠጅ ጣዮቹ ይተውላቸዋል። እነሱም ለአልዩ አምባ ነጋዴዎች በርካሽ ይለቁታል፤ ነጋዴዎቹ አንጥረው ወደ ባሕር ያወርዱታል።

«ሰሙ ከጓሯችን ወጥቶ ባሕር ይሻገራል» ትል ነበር እትዬ፣ «ለቤተ ክርስቲያናችን የሚነደው ጧፍ ደግሞ ከሩቅ አገር በሰው ጫንቃ ይመጣል። ይህን ያየ መንገደኛ ስለ አንኮበር ሰው ምን ይላል?»

ጧፍ እንሥራ ያለችው እሷ ናት። እኔ የማውቀው ሰም በቅኔ ውስጥ ያለውን ብቻ ነበር፤ እሱ እጅ አያቃጥልም።

ቤቱን ያገኘነው ከዚያው ደብር ነው። ደወል ደዋዩ ሲሞት ከቅጽሩ በታች ባዶ የቀረ ጎጆ ነበርና፣ አለቃው ለደብሩ ጧፍ እየሰጣችሁ ተቀመጡበት አሉን። እትዬ ጠጅ ቤቱን አልለቀቀችም፤ ቀን እዚያ ትውልና ሰፈፏን ይዛ ትመጣለች። ሰው ምኑ ነሽ ሲላት ለአንዱ አክስቱ ነኝ፣ ለሌላው የክርስትና እናቱ ነኝ ትላለች። ለነገረኛ ሲሆን «አሠሪው ነኝ፣ ልትቀጠር መጣህ?» ትለዋለች።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሰፈፉን በከረጢት ቋጥሮ በውኃ ማፍላት፣ በድንጋይ መጭመቅ፣ ሰሙ ከላይ ሲረጋ ማንሣት። ከዚያ እንደገና በሸክላ አቅልጦ የጥጥ ክር በውስጡ መሳብና ሳይደርቅ በእርጥብ ሳንቃ ላይ በመዳፍ እያንከባለሉ ማለስለስ። ሲሠሩት ግን ሌላ ነው። ክሩ ከላላ ጧፉ ይንጋደዳል፤ ሰሙ ከሞቀ ክሩን ትቶ ይሸሻል፤ ከቀዘቀዘ ይጎረብጣል። የመጀመሪያዎቹ ጧፎቻችን ውኃ ቋጥረው ነበርና ሲነዱ እንደ እርጥብ እንጨት ይንጣጡ ነበር። አንድ ቄስ አንዷን ቢያበሩ ጢማቸውን ለበለበቻቸው። እትዬ አልተናደደችም፤ የቀሩትን ሰብስባ እንደገና አቀለጠቻቸው። የሰም ደግነቱ ይህ ነው፤ የተበላሸ ጧፍ ተመልሶ ሰም ይሆናል። የተበላሸ ግጥም ምንም አይሆንም።

ከየሥራችን የመጀመሪያዋን ጧፍ አትሸጣትም ነበር። ይዛት ትወጣና ከወይራው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አብርታት ትመለሳለች።

«ደንበኛችን ናት» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሳልጠይቃት። «ከሰው ሁሉ በፊት የገዛችን እሷ ናት።»

እኔ በየእሑዱና በየበዓሉ ከደብሩ በር ላይ እቆማለሁ። እንደ ሌላው ሻጭ ዝም ብዬ መቀመጥ ስለማልችል ግጥም እጨምርበታለሁ፤

ጨለማ ነው ብለህ አትርገመው ሌቱን፣
አንዲት ጧፍ ይበቃል ለሚያይ ሰው ፊቱን።

ሰው ቆሞ ይሰማኝና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሳይገዛ ይሄዳል። እትዬም «አንተ ልጅ፣ ግጥሙን በነጻ ሰጥተህ ጧፉን ማን ይገዛሃል? መጀመሪያ ይግዙ፣ ከዚያ አስለቅሳቸው» ትለኝ ነበር። እንዳለችው አደረግሁ። ሠራ።

ከዚያ የእኔ ብልጠት መጣ። አልዩ አምባ፣ ከአንኮበር ቁልቁል፣ የእስላም ነጋዴዎች ከተማ ናት፤ የዓርብ ገበያዋን የማያውቅ አልነበረም። እዚያም ጥቂት ክርስቲያን ቀራጮችና ዘበኞች አሉ፤ ጧፍ የሚሸጥላቸው ግን የለም ብዬ ሰማሁ።

«አንድም የሚሸጥ የለም እኮ» አልኋት እትዬን።

«እውነት?» አለች። «እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ሁለታችንም ለምን የሚሸጥ እንደ ሌለ አልጠየቅንም። እሷ ቆላ ወርዳ አታውቅም፤ እኔም በብርድ ተወልጄ በብርድ ያደግሁ ነኝ። ለደጋ ሰው ሙቀት ሁልጊዜ ደግ ነገር ነው።

አንድ ቅርጫት ሙሉ፣ የሠራናቸውን ምርጥ ምርጥ ጧፎች፣ በኮባ ሸፍኜ ገና ጎሕ ሲቀድ ወረድሁ። ከላይ ውርጭ ነበር፣ ጣቴ አይታጠፍም። ከገብሱ ወደ ጤፉ፣ ከጤፉ ወደ ማሽላው ስወርድ ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድሁ፤ ከማሽላው ወደ ግራሩ ስደርስ እጀ ጠባቤን አወለቅሁ። ራሴን እንጂ ቅርጫቱን አላሰብሁም። ገበያው መካከል ኮባውን ብገልጠው ጧፍ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቢጫ ጉብታ ከመቶ ቦታ ክር አውጥቶ ተቀምጧል።

ሐጂ ዑመርን ያወቅሁት የዚያን ዕለት ነው። የሰም ነጋዴ ነበሩ፤ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ከዳስ ሥር ሚዛናቸውን ይዘው የተቀመጡ ሰው። ጠሩኝና ወደ ቅርጫቴ ጎንበስ አሉ።

«ደብተራው፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጧፍ ነው።»

«ጧፍስ ጠዋት ነበር። አሁን የግመል ፋንድያ ነው።»

ዙሪያቸው ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ ሳይሆን የእትዬ እጅ ነበር የታየኝ። ሐጂ ፊቴን አይተው ሳቁን በእጃቸው አስቆሙት፤ ጉብታውን እንዳለ መዝነው ገዙኝ።

«ክሩስ?» አልኋቸው።

«ክሩን አላህ ያውቃል» አሉና ከባሕር የመጣ ተምር ዘግነው ሰጡኝ። «ከእንግዲህ ወዲህ ሰም እንጂ ጧፍ አታውርድ። ጧፍ የደጋ ሰው ነው፤ እዚህ ቢመጣ ይታመማል።»

ለእትዬ ስነግራት እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ያን ተምር አንድ አንድ እያልን በላነው፤ ፍሬውን ደጃፋችን ላይ ተከለችው። አልበቀለም። እሱም የቆላ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደግ ነበር ማለት እችላለሁ። ደግ ጊዜ ብዙ የሚነገር የለውም። ጧፋችን ቀጥ አለ፤ የጎረቤላም የሌላም ቀበሌ ሰው ለስለቱ ከኛ ይገዛ ጀመር። እጄ ጠባሳ በጠባሳ ሆነ። ከሁለት ገበያ በላይ አንድ አገር የማልቀመጠው ሰውዬ ሁለት ክረምት መክረሜን ያወቅሁት የጎጆውን ክዳን እንደገና ስከድን ነው።

ንጉሡ አንኮበርን ትተው መሄዳቸውን አዋጅ አልነገረንም። መጀመሪያ እንጦጦ ከረሙ ተባለ። ቀጥሎ እንጦጦ ሠፈሩ ተባለ። ከዚያ የበቅሎ ጫኞቹ ደጃፍ ሣር በቀለበት። ከዚያ ለእኛ አሞጋሾች የቆምንበት በር ማንም የማያልፍበት በር ሆነ። በመጨረሻም የማሩ ግብር በአንኮበር ሳያልፍ ወደዚያው ይገባ ጀመር። ከተማ ሲሞት እንደ ሰው አያጣጥርም፤ ልክ እንደ ጧፍ ነው፤ እየነደደ እያየኸው ያጥራል።

ጠጅ ከሌለ ሰፈፍ የለም። ይህ ብቻ ቢሆን ሌላ ቦታ ሰም እንፈልግ ነበር። ነገር ግን የጠጅ ቤቱ አዛዥ ሴቶቹን ሰበሰበና ኅዳር ሲወጣ ጋናችሁን ይዛችሁ ወደ እንጦጦ ትሄዳላችሁ አላቸው።

«የራሷ ቤትና ሥራ ያላትን አላስገድድም» አለ። «ሌላዋ ግን ትከተላለች።»

እትዬ ቤትና ሥራ ነበራት፤ ቤቱ ግን የደብሩ ነው። ደብሩም መኳንንቱ ሄደውበት ሰጪ አጥቶ ነበር። አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የደከማቸው ሰው ነበሩ። ጠሩንና ከወንበራቸው ሳይነሡ ተናገሩ፤

«ለኅዳር ንግሥ የሚነደውን የደብሩን ጧፍ ሁሉ ከቻላችሁ ጎጆው የናንተ ነው፤ እኔ እያለሁ ማንም አይነካችሁም። ካልቻላችሁ ግን ለሚችል እሰጣለሁ። ምን ላድርግ?»

ስንወጣ እትዬ ወደ ወይራው አየች። እንጦጦ የብዙ ቀን መንገድ ነው፤ የጠጅ ቤት ሴት ደግሞ በፈለገች ጊዜ ተነሥታ አትሄድም። ያን ጊዜ ግድ ካልሆነባት ከልጇ መቃብር ርቃ የምታድር ሴት አልነበረችም።

ሰም ፍለጋ ሐጂ ዘንድ ወረድሁ። ግመሎቻቸው ከዳሱ ኋላ ተኝተዋል፤ የሚጫን የለም። እሳቸውም አርጅተው ነበር፣ ወይም ለኔ እንዲያ መስለው ታዩኝ። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ነገር ተሸክመው ወጡ። ያ ጉብታ ነው። አቧራ ለብሷል፣ ክሩ እንደ ሽማግሌ ጆሮ ጠጉር ወጥቷል።

«ፋንድያህን አስታወስኸው?» አሉኝ። «የባሕር ሰዎች ክር አለበት ብለው አንወስድም አሉ። ለካ ያንተኑ ሪዝቅ፣ ያንተኑ ሲሳይ ነበር የማስቀምጥልህ። ውሰድ።»

«ይህ አይበቃም፣ ሐጂ።»

«አይበቃም።» ወደ ጥጉ በአገጫቸው አመለከቱኝ። እዚያ የተቆለለ ሰም ነበረ፣ ብዙ። «ያ ሊበቃህ ይችላል። ግን ሞራ ተደባልቆበታል፤ የሸጠልኝ ሰው አታለለኝ። እኔ እስላም ነኝ፤ በቤታችሁ ምን እንደሚነድ አይመለከተኝም። አንተ ስለጠየቅኸኝ ነው የምነግርህ። ከፈለግህ እሱንም እንካ፣ ለኔ ምን ያደርግልኛል።»

ሁለቱንም ተሸክሜ ወጣሁ። የቱ የቱ እንደሆነ ከደጃፉ ሳልገባ ለእትዬ ነገርኋት። ሞራ ቤተ ክርስቲያን እንደማይነድ እሷም ታውቃለች፣ ልጅም ያውቃል፤ የታረደ ከብት ስብ ነው። እሷ ግን የሞራውን ሰም አንሥታ ወደ ሸክላው ጨመረችው።

«እትዬ» አልሁ።

«ዝም በል፣ ተማሪው። እግዜር አስካለን ሲወስድ ሰምሽ ንጹሕ ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል?»

ክሩን ይዤላት ቆምሁ፣ እሷ ሳበችው። አንዲት ጧፍ ብቻ ሠራች። ከዚያ ጠራራ ፀሐይ ሳለ በሩን ዘጋችና ለኮሰቻት።

መጀመሪያ ማር ሸተተ። ደህና ነው ልል አፌን ስከፍት ሌላው ሽታ ከሥር መጣ፤ ሠርግ ባለፈ በማግስቱ፣ ድስቱ ሳይታጠብ፣ ስቡ የረጋበት ቤት ሽታ። ጢሱ ጠቆረ። እትዬ ዓይኗን ከነበልባሉ አላነሣችም። ጧፏ እስክታልቅ ድረስ ተቀምጣ አየቻት፤ ስታልቅም ክሩን በጣቷ ቆነጠጠችው።

«ልጄ ሥጋ አትወድም ነበር» አለች። «ሞራ ሲቀልጥ ከሸተታት ከቤት ትወጣ ነበር። ከራስጌዋ ይህን አላበራም።»

የቀረውን የሞራ ሰም ለኮርቻ ሰፊው ሰጠችው። ጠፍሩን ያለሰልስበታል።

ከዚያ ወዲያ የነበረን ያ ጉብታ ብቻ ነው። አቅልጠን አሮጌውን ክር አንድ በአንድ ከውስጡ አወጣን፤ ሰሙ ጠቁሮ ስለ ነበር ጧፎቹ የወይራ ፍልጥ ይመስሉ ነበር። ቆሎ ቆርጥመን፣ ውኃ ጠጥተን ነበር የምንውለው። እሷ ትስባለች፣ እኔ አንከባልላለሁ። የደብሩ የጧፍ ሳጥን ግማሽ ላይ ቆመ።

አለቃው ክዳኑን ከፍተው አዩ። «ሌላውስ?»

«የለም» አለች እትዬ።

«ሞራ የነካው ሞልቷል ይባላል። ከውጭው ቅጽር ቢነድ ማን ያሸተዋል?»

«እኔ።»

አለቃው ሳጥኑን በቀስታ ዘጉት። የጎደለውን ከወዲያ ማዶ የመጣ አንድ ነጋዴ ሞላላቸው፤ ጎጆውም የእሱ ሆነ። በጧፉ ውስጥ ምን እንደ ነበረ አላውቅም። በንግሡ ዕለት ግን ከውጭው ቅጽር የቆሙ ባልቴቶች ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሲያነሡ አይቻለሁ፤ ብርድ ይሆናል። እትዬ ከወይራው ሥር ነበረች። የእኛይቱ ጧፍ ጠቁራም ቢሆን ማር ማር ትሸት ነበር።

ጠጅ ጣዮቹ ሲሄዱ እስከ ደብረ ብርሃን ሸኘኋት። ከተራራው ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ ገብሱ ታጭዶ ክምሩ እዚህም እዚያም ቆሟል። ከአንድ ምንጭ ዳር ተቀምጠን በሶ በጠበጥን። እሷ አልጠጣችም፤ ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ሱቁን ዘጋን» አልሁ።

«ማን ዘጋ አለህ?»

«ጎጆ የለን፣ ሰም የለን፣ ገዢ የለን።»

«ገዢስ አለን። በዓመት አንዲት ጧፍ ናት የምትፈልገው፣ በኅዳር ንግሥ። እንጦጦ ጠጅ ካለ ሰፈፍ አለ። ሰሙን እኔ እልካለሁ፣ አንተ ትሠራለህ፣ ታደርስላታለህ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ አንድ ቦታ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም።»

«ማን ተቀመጥ አለህ? ዙር። ኅዳር ሲመጣ ግን ደብረ ብርሃን ተገኝ።»

እንዳለችው ሆነ። ከኅዳር እስከ ኅዳር ባለ ገመድ ታስሬ አገሩን ዞርሁት፤ ገመዱ እየቆየ አጠረና እዚሁ ደብረ ብርሃን ቤት ሠራሁ፣ ሚስት አገባሁ፣ የበግ ጠጉር ነገድሁ። ግጥሙም አልቀረም፤ በየሠርጉና በየለቅሶው የኔ የሆነና የኔ መሆኑ የማይታወቅ ብዙ አለ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ ግን አንድ መንገደኛ ቤቴን ጠይቆ ይመጣል፤ አንድ ዓመት ጭነት ነጂ፣ አንድ ዓመት መነኩሴ፣ አንድ ዓመት ከነጠብመንጃው ወታደር። ከጨርቅ ውስጥ የእጅ መዳፍ የምታህል ሰም ያወጣል። መልእክት የለውም። ሰሙ መካከል ላይ ግን ሳይደርቅ የተጫነ የአውራ ጣት ምልክት አለ፤ ጠጅ ጣዮች የራሳቸውን ድርሻ የሚለዩበት ነው። የተሰነጠቀ አውራ ጣት ነው፣ አውቀዋለሁ። አቀልጠዋለሁ፣ ክሬን እስባለሁ፣ ይዤ ወደ አንኮበር እሄዳለሁ። ከብቱ አልቆ ሰው በየመንገዱ በወደቀበት በክፉ ቀን እንኳ ሰሙ መጣ። የእንቁላል ያህል ነበር፤ አውራ ጣቷ ግን ከነስንጥቁ ነበረበት።

አንድ ዓመት ሰሙ መጣ፤ ለስላሳ ነበር። ገልብጬ አየሁት፣ በሁለቱም በኩል የጣት ምልክት የለውም። ያመጣውን ሰው ማን ሰጠህ ብዬ ብጠይቀው «አንዲት የጠጅ ቤት ሴት፣ አደራ ተብዬ ነው አለች» አለኝ። ከዚያ በላይ አላወቀም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ማንም መርዶ አልነገረኝም፣ ማንም አልነገረኝም ብዬም አላማርርም። በሚመጣው ዓመት ምንም አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ሰሙን ራሴ እየገዛሁ እሠራለሁ። ጉልበቴ ካልሰማኝ ወዲህ የሚያደርስልኝ አማቼ ነው። አሁን ደግሞ እጄም አልሰማ ብሏል፤ ገበያውም ሰም ብሎ የሚሸጥልኝን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከእፍኙ ሩቡ ሞራ ነው። ነጩን ሻማ ከመከዳዬ ሥር ሸጉጬ ብዙ ቀን አደርሁበት።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ በሩን ዘጋሁና አንዱን ለኮስሁት። ልጄ ከውጭ «አባባ ምን ሆኑ?» አለች፤ ምንም አልሁ። ነበልባሉ አይወዛወዝም፣ አይንጣጣም፤ ቁጡ ያልሆነ፣ ወዳጅም ያልሆነ ብርሃን ነው። ማር አልሸተተኝም። ጌሾ አልሸተተኝም። ክዳኑ የሚያንጠባጥብ ጎጆ፣ ጉም፣ ኮባ የለበሰ ቅርጫት፣ ምንም አላመጣልኝም። እስኪያልቅ ተቀመጥሁ። እስኪያልቅ ድረስ ከሥር የሚመጣውን ሌላውን ሽታ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ክሩን በጣቴ ቆነጠጥሁት።

ደክሞኛል። የደከመው ሰው አዲስ ነገር ሲቀበል ፍቅር አይደለም። ግን አስካለ የጠየቀችው የማር ሽታ አልነበረም። የእናትዋም ሕግ ሞራ አይንደድባት የሚል አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም ይህ ባዕድ ነገር አላፈረሰውም። ሱቅ የሚዘጋው ባለቤቱ ሲደክም አይደለም፤ ደንበኛው ሳይደርሰው ሲቀር ነው።

ከቀሩት አንዱን መረጥሁና ግርጌውን ፍም አጠገብ ይዤ አሞቅሁት። ሲለሰልስ አውራ ጣቴን ጫንሁበት።

ማምሻውን አማቼ ሊወስድ መጣ። በወረቀቱ ሲጠቀልለው አየና «አባባ፣ ይኼኛው እኮ ተጨፍልቋል። ደህናውን ልምረጥልዎ?» አለኝ።

«ተወው» አልሁት። «የሚሄደው እሱ ነው።»